ድንጋይ በመኝታው ነው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ የተረተው ሰው፣ ምን ዓይነት ፍጡር እንደለቀቀብን ቢያውቅ ኖሮ ምላሱን ነክሶ ዝም ይል ነበር። ምክሩን ቃል በቃል የተቀበለ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቁልፉን የት አደረግከው ብትሉት ብረት ከመሬት እንዴት እንደሚወጣ ይጀምርላችኋል። ዛሬ ይዘንብ ይሆን ብትሉት ከባሕር ይነሳል። እናንተም ሽንታችሁ ወጥሯችሁ፣ በአንድ እግራችሁ ቆማችሁ፣ «እህ» እያላችሁ ትሰሙታላችሁ። ታውቁታላችሁ። እንዲያውም አንድ ጣሪያ ሥር አብራችሁት ትኖሩ ይሆናል።

እትዬ አብራው ኖራለች። ባሏ የሞተባት ጊዜ ታናሽ እህቷ «ነይ፣ አንድ ትርፍ ክፍል አለን» አለቻት። ከክፍሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣው ስለ ራሷ ባል ግን ትንፍሽ አላለችም። ባልየው ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። እትዬ ዕቃዋን አራግፋ ሳትጨርስ ነው «ክቡር ሊቀ ድንጋይ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው። ሰፈሩ ወዲያው ተቀበለው። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ ሲጠሩበት እንዲያውም አንገታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር።

ሊቀ ድንጋይ የሚጠርቡት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ያ ነጣ ያለው፣ ጎኑን ሲያዩት እንደ ተዘጋ መጽሐፍ መስመር በመስመር የተደራረበው። ከሱ የደረጃ እርከን፣ የበር መቃን፣ የመቃብር ድንጋይ ያወጣሉ። እንጀራቸው ይሄ ነው። ሱሳቸው ግን ድንጋዩ እንዴት ድንጋይ እንደሆነ ማውራት ነው።

«ከመጀመሪያው እንነሳ» ይላሉ። ይህን ቃል የሰማ የሚያውቃቸው ሰው በእጁ የያዘውን ዕቃ መሬት ያስቀምጣል።

«መጀመሪያ ተራራ ነበረ። ፀሐይ መታው፣ ብርድ መታው፣ ተሰነጠቀ፣ ተፈረፈረ። ፍርፋሪውን ውሃ ወሰደው። ውሃ ደግሞ የሚሸከመው እስከሮጠ ድረስ ነው፤ ሲደክመው ያወርዳል። ከባዱን ያስቀድማል፦ ጠጠሩን። ቀጥሎ አሸዋውን። ጭቃውን መጨረሻ። ዛሬ አንድ ንብርብር፣ ነገ በላዩ ሌላ። የላዩ የታቹን ሲጫነው፣ በመሃል ያለው ውሃ እየተጨመቀ ይወጣል። እሺ፣ አሁን ድንጋይ ሆነ?»

«ሆነ» ያላችሁ እንደሆነ አለቀላችሁ።

«አልሆነም! ሙጫውስ? በአሸዋው መሃል ሾልኮ የሚያልፈው ውሃ ባዶውን አያልፍም። ኖራ አሟሙቶ ይይዛል፣ ዝገት ይይዛል፤ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትቶ ይሄዳል። ያ ነው አንዱን አሸዋ ካንዱ የሚያጣብቀው። አሁን ሆነ! እንግዲህ ይሄ ድንጋይ ስንት ዘመን በጀርባው ተኝቶ ነው ድንጋይ የሆነው? አንተ መጥተህ ግድግዳ ውስጥ ስታቆመው ምን ይላል? በየመስመሩ ዝናብ ይገባበትና እንደ ሽንኩርት ይላጣል! ድንጋይ በመኝታው ነው!»

የመጨረሻዋን ቃል ሲሉ ያገኙትን ጠረጴዛ በመዳፋቸው ይመታሉ። የሻይ ብርጭቆ የያዘ ሰው ጉዱ ፈላ።

አንድ ጊዜ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተደፍኖ ሠራተኛ መጣ። ምስኪን፣ አላወቀም፤ «ምን ይሆን የደፈነው?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀ ድንጋይ ወንበር አቀረቡለት። ሰውየው አመሻሹ ላይ ወጥቶ ሲሄድ ቧንቧው እንደተደፈነ ነበር፤ የደፈነውን ደለል ግን በየንብርብሩ አውቆት ነው የሄደ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የስኳሩን ጠርሙስ ገልብጠው፣ ግማሹን አፈር ግማሹን ውሃ ሞልተው፣ በጥብጠው ጠረጴዛ ላይ ገተሩት። «ማንም እንዳይነካው። ሲረጋ ታያላችሁ።» እትዬ ጠረጴዛውን ልትወለውል ብድግ አደረገችው። እንደገና ደፈረሰ። የተኛ ሕፃን የቀሰቀሰች ይመስል አፈጠጡባት።

«እትዬ! የሺህ ዘመን ሥራ አበላሹብኝ!»

«ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ የሞላኸው?»

«ቢሆንም!»

ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም። የጎረቤት ሴት ባሏን ቀብራ ተቀምጣ ሳለ፣ ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ ቻይው» ሲል፣ እሳቸው አጠገቧ ተጠግተው «እሜቴ፣ ከላይ ጭነት ካልመጣ እኮ ከታች ያለው አይጠነክርም» ሲሉ እትዬ ሰማች። ክንዳቸውን ይዛ እየጎተተች አወጣቻቸው።

«ሰውየው አፈር በተጫነበት ቀን ስለ መጫን ታወራላታለህ?»

«ላጽናናት ብዬ ነው እኮ።»

«አንተ የምታጽናናው ድንጋይ ብቻ ነው። ሂድና እሱን አጽናና!»

የጠረባው ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ወፍጮ ቤት የመጣ ይመስለዋል። መቁረጫው ማሽን ድንጋዩን ሲነካ ብናኙ ቦግ ብሎ ይነሳና ሁሉን ነጭ ያለብሳል፦ ፀጉሩን፣ ቅንድቡን፣ መስኮቱን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን። ማሽኑ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ውሃው ከተከፈተ ብናኙ ሳይነሳ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ግን አይከፈትም። የዘጉት ሊቀ ድንጋይ ናቸው።

«ጭቃው የድንጋዩን ፊት ይለብሰዋል፣ መስመሩ ይጠፋኛል። መኝታውን ሳላይ ከየት በኩል ልቁረጥ?» አሉ። እሳቸው ያሉትን ደግሞ ሌሎቹ ጠራቢዎች እንደ ሕግ ነው የሚይዙት። እነሱም ዘጉ። አለቃው በፋንታው አመሻሽ ላይ ለየሰዉ አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት ያድላል። ወተት ደረትን አጥቦ ይወርዳል፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያምነው። ጢማቸው በአቧራ የነጣ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈው ወተት ይጠጣሉ፤ ከንፈራቸው ይበልጥ ይነጣል።

እትዬ አንድ ቀን እራት ላይ «ለመሆኑ ወተቱ በየት በኩል ነው ሳንባ የሚገባው?» አለች። «የሚበላና የሚጠጣው በአንድ ጉሮሮ፣ ትንፋሽ በሌላ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ሊቀ ድንጋይ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ከሥሩ አልጀመሩትም። «እሱ ሌላ ነው እትዬ» ብለው ጉርሻቸውን ዋጡ።

የሥራ ሸሚዛቸውን የምታጥበው እሷ ነበረች። ዘፍዝፋው ስትመለስ ሳፋው ሥር ጠጠር አከል አሸዋ ወርዶ ታገኛለች። በላዩ ደቃቁ አለ። ከሁሉ የረቀቀው ግን አይወርድም፤ ውሃው ውስጥ እንደ ጭስ ይዋልላል፣ ሲቆይ ነው የሚሰፍር። ሳፋውን ጎንበስ ብላ ስታይ «ጭቃው መጨረሻ» ይል ነበር ጆሮዋ ውስጥ አንድ ድምፅ። ተናድዳ ትደፋዋለች። አልሰማም ብላ የማለችበት ነገር ነበር።

ሳሉ መጀመሪያ የጉሮሮ መጥረጊያ ብቻ ነበር። ከዚያ የንግግር መግቢያ ሆነ። ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው እርከኑን እየነኩ «ይሄ በመኝታው አልተሠራም» ብለው መቆሚያ ምክንያት ያበጁ ጀመር። ሰፈሩ ሳቀ፤ እትዬም ሳቀች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዚህ ወዲያ አንቱታውን እንተወው። አንቱታው ለሳቁ ጊዜ ነበር፤ የታመመን ሰው አንቱ ሲሉት ከአጠገብ ይርቃል።

ሐኪም ቤት የወሰደችው እትዬ ናት፤ ታናሽ እህቷ መስማት ፈርታ ቀረች። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ ጠጋ ብላ አየችው። እሱ ግን ነጠብጣቡን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከወንበሩ ተነስቶ ጣቱን ዘረጋ።

«ይሄውልሽ ልጄ፣ ይሄ የረቀቀው ነው፣ ውሃው ሲደክመው መጨረሻ የሚያወርደው…»

«ጋሼ» አለችው፤ «ይሄ ድንጋይ አይደለም። የእርስዎ ሳንባ ነው።»

እጁን አወረደ። «ታዲያ ሙጫው ምንድን ነው?» አለ። እንዲህ ነው የጠየቀ፤ እድናለሁ ወይ አላለም።

«የራስዎ ሥጋ ነው ጋሼ። ትልልቁን ብናኝ አፍንጫ ያስቀረዋል። የረቀቀው እታች ድረስ ይወርዳል። ሰውነትዎ ሊያጥረው ብሎ ዙሪያውን ጠባሳ ሠራበት። ጠባሳው ጠነከረ።»

«ይሟሟል?»

«አይሟሟም።»

«ወተትስ?»

ሐኪሟ ወደ እትዬ አየች። «ወተት ሆድ ነው የሚገባው» አለች ቀስ ብላ።

«አላልኩህም ነበር» ከማለት የቀለለ ነገር በዓለም የለም። እትዬ አፏ ላይ የደረሰውን መልሳ ዋጠችው። ኮቱን አለበሰችው፤ ቁልፉንም እሷ ቆለፈችለት።

ሥራ ቀረ። ቆይቶ መራመድ ቀረ። ከዚያ መተኛት ቀረ። በጀርባው የተጋደመ እንደሆነ አየር ያጥረዋል፣ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ይወራጫል። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ተደረገለት፤ ተቀምጦ ይውላል፣ ተቀምጦ ያድራል። ድንጋይ በመኝታው ነው እያለ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው!

«አንዴ… በጀርባዬ… ብተኛ» ይላል። ሌላ ያማረው ነገር አልነበረም። ሾርባ ሲያቀርቡለት ይኸው፣ ምን እናምጣልህ ሲሉት ይኸው።

እትዬ የቤቱን ትራስ ሁሉ ሰበሰበች። አልጋው ላይ ከራስጌ ጀምራ ቆልላ ተዳፋት ሠራችለት። ሐሳቧ ቀስ በቀስ አንዳንድ እያነሳች ልታወርደው ነበር። የላይኛዋን ስታነሳ ቻለ። የምትቀጥለዋን ስታነሳ ዓይኑ ፈጠጠ። መለሰቻት።

ያን ለት ነው ላለማልቀስ ብላ የቀለደችው። «ክቡር ሊቀ ድንጋይ፣ አንተስ የተሠራኸው ቆመህ ነው መሰለኝ!»

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ታናሽ እህቷ ጀርባውን እያሸች «ምነው እትዬ፣ ምነው!» አለቻት።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዝም አለች። ሾርባ ታመጣለች፣ ትሄዳለች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሱ ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ ዘይት ያልተቀባ መጋዝ ይመስላል። በመጨረሻ እሱ ነው የተናገረው።

«እትዬ… ተጣላን እንዴ?»

«ምን ያጣላናል?»

«ሊቀ ድንጋይ… እንኳ… አላሉኝም።»

«ትስቃለህ ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ… ልሳቅ… እንጂ!»

ተደራደሩ። በቀን አንድ ቀልድ፣ ያውም ትንሽ፣ ያውም ከምሳ በኋላ፣ እንደ እንክብል።

አለቃው ሊጠይቀው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ምን ይዞ መጣ? ወተት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጠጣ ጋሼ፣ ያጥብልሃል» አለ፤ ከልቡ ነው። እሱ ጠርሙሱን አየ፤ ቀጥሎ የአለቃውን የጫማ ክር አየ፤ ክሩ በብናኝ ነጥቷል።

«ውሃው… ተዘግቷል?» አለ።

«እንዳስተማርከን ነው ጋሼ። ማንም አይከፍትም።»

ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የወጣውን እትዬ ብቻ ነች ያየችው። ሐኪም ቤት ራጁ ፊት እንኳ እንዲህ አልሆነም። ሁለቱን እጁን ወንበሩ ላይ ተክሎ ቀና አለ። ሊናገር ነው። የሚለው ነገር «ውሃውን ክፈቱ» ነው፤ ሁለት ቃል። እሷ አወቀች። እሱ ግን ምን አለ?

«ከመጀመሪያው… እንነሳ።»

«በአጭሩ ንገረው!» አለች ሚስቱ።

«በአጭሩ… አይገባውም።» ከዚያ ጀመረ። «መጀመሪያ… ተራራ… ነበረ…»

ተራራው ሲሰነጠቅ አንድ ጊዜ አረፈ። ፍርፋሪውን ውሃ ሲወስደው ሁለት ጊዜ ሳለ። አለቃው ሰዓቱን አየና አፍሮ እጁን ደበቀ። «ከባዱን… ያስቀድማል…» ጠጠሩ ወረደ። አሸዋው ወረደ። «ጭቃውን…» አለና ቆመ። ትንፋሹ አለቀ። አፉ ተከፍቶ ዓይኑ አለቃው ላይ ቀረ።

እትዬ ቀጣዩን ታውቀዋለች። የሚቀጥለውን፣ ከሱ የሚቀጥለውን፣ እስከ ጠረጴዛው መመታት ድረስ። ምላሷ ላይ ነበር። ግን የሰውን ነገር መጨረስ፣ አንተስ አለቀልህ ማለት መሰላት። ዝም ብላ ጠበቀችው። አለቃው «አትድከም ጋሼ፣ ሌላ ቀን ትጨርስልኛለህ» ብሎ ጉልበቱን ዳስሶት ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ነው የተናገረችው። «ውሃውን ክፈቱ ለማለት ተራራ ድረስ ምን አስኬደህ?»

«ብናኙ… ከየት እንደመጣ… ካላወቀ…»

«ሲመለስ ከመሃል ትጀምርለታለህ። ከጭቃው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከመሃል መጀመር አያውቅበትም።

አለቃው ተመልሶ ሳይመጣ እሱ ሞተ። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ወንበሩ ጋ ደርሳለች፤ ታናሽ እህቷ ሻይ ይዛ ገብታ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና እትዬን ጠራቻት። ድምፅዋ ውስጥ ጩኸት አልነበረም። ሁለቱ ሴቶች ተሸክመው አልጋው ላይ፣ በተዳፋቱ ላይ፣ አጋደሙት። ከዚያ እትዬ ትራሶቹን አንድ በአንድ ከሥሩ ሳበች። በእያንዳንዷ ቆም ብላ ፊቱን ታያለች፣ እንደ ልማዷ። የመጨረሻዋን ስትስብ ጀርባው ፍራሹን ነካ። ምንም አልሆነም።

«ተኛ» አለች ታናሽ እህቷ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰች።

ከቀብሩ በኋላ እትዬ የመቃብር ድንጋዩን ለማየት ወደ ጠረባው ቤት ሄደች። ጠራቢዎቹ ለጓደኛቸው ያላቸውን ሁሉ አውጥተዋል። ረጅም፣ ጫፉ የተሞረደ፣ ስሙ በመሮ ጥልቅ ብሎ የተቀረጸ፣ እንደ በር የቆመ ድንጋይ። ውብ ነው። የጎኑ መስመሮች ግን ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። አጠገቡ ማሽኑ ይጮሃል፤ ብናኙ ጣሪያ ድረስ ነጭ ሆኗል፤ ሰዎቹ በጉም ውስጥ እንዳሉ ነው የሚታዩ።

«እንዴት ነው እትዬ?» አለ አለቃው።

እትዬ አሸዋ በሞላው መሬት ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«መጀመሪያ ተራራ ነበረ» አለች።

ማሽኑ ቆመ። የያዙትን መዶሻና መሮ አንዱ ከሌላው በኋላ መሬት አኖሩት፤ እጃቸው ለምዶት ነው። እሷም ተራራውን ፀሐይ አስመታችው፣ ብርድ አስመታችው፣ አፈራረሰችው፣ በውሃ አስወሰደችው። አንዲት ቃል አልዘለለችም። ጠጠሩን አወረደች፣ አሸዋውን አወረደች፣ ጭቃው ጋ ደረሰች። ድምፅዋ እዚያ ላይ ትንሽ ተሰበረ እንጂ አልቆመም።

«የረቀቀው ነው መጨረሻ የሚወርድ፣ እታችም የሚደርስ። እሱም ውስጥ የደረሰ ይሄው፣ አሁን ቅንድባችሁ ላይ ያለው ነው። ሙጫው የራሱ ሥጋ ነበር። ወተት ሆድ ነው የሚገባው። ያን ለት ሊልህ የነበረው፣ ውሃውን ክፈቱ ነው።»

ከሰዎቹ አንዱ ሳለ። ሌሎቹ ወደ ሌላ ወገን አዩ።

«መስመሩ ይጠፋናል እትዬ» አለ አለቃው። «ራሱ ነው ያስተማረን።»

«ሲጠፋችሁ ቆም በሉና እጠቡት፣ አይታችሁ ቀጥሉ። ያ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሲቸኩል አይታችሁታል?»

ከወደ ጥግ የሳለው ሰውዬ ሄዶ ቧንቧውን ጠመዘዘ። ቱቦው አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ቀይ ውሃ፣ ከዚያ የጠራ። ለስንቶቹ እንደዘገየ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ በልቡ ያሰላ ነበር።

«ድንጋዩን ደግሞ አጋድሙት» አለች። «መቃብሩ ላይ በጀርባው ይተኛ።»

«ከተጋደመ ስሙ በምን ይነበባል? ከመንገድ አይታይም እኮ።»

«ማንበብ የፈለገ ይጎንበስ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ነው፤ አሁንም ጎንበስ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነብ። ምንም አልሆንኩም።» ከዚያ፣ የሚመታ ጠረጴዛ ስላጣች፣ የቆመውን ውብ ድንጋይ በመዳፏ መታችው። «ድንጋይ በመኝታው ነው!»

ቤት ስትደርስ ታናሽ እህቷ የምሳውን ሳህን አጥባ ልትደረድር ይዛ ቆማ ነበር።

«ድንጋዩ አለቀ?» ብላ ጠየቀቻት። አዎ ወይ አይ የሚበቃው ጥያቄ ነው።

እትዬ ጫማዋን አወለቀች። መስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ሳበችና ተቀመጠችበት።

«ከመጀመሪያው እንነሳ» አለች።

ታናሽ እህቷ ሳህኖቹን መሬት አስቀመጠች።